ስለ አንጎልና ስለ ሐብለ ሰረሰር፥ የወደቀውንም ሰው ስለ ማንሣት

ጣርማ በር ሰው ከሸዋ ደጋ ወደ ቆላ የሚወርድበት በር ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚሄድ መንገደኛ ከአፋፉ ሲደርስ ምድሩን ከእግሩ በታች እንደ ተቈረጠ ሆኖ ያገኘዋል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላለው ብዙ ጊዜ ጉም ይሸፍነዋል። ጣልያኖች አገሩን በያዙበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ ተራራው ተነድሎ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ተበጀ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውም መንገድ በዚያ በጠባቡ ጨለማ ውስጥ ያልፋል። ዋሻው በናዳ የተዘጋ እንደ ሆነ ደጋው በስፍራው አለ፥ ቆላውም በስፍራው አለ፤ ነገር ግን የላዩ ወደ ታች መላክ፥ የታቹም ወደ ላይ መንገር አይችልም።

በሰውም ሥጋ እንዲህ ያለ ጠባብ መንገድ አለ። ላዩ አንጎል ነው፥ መንገዱም ሐብለ ሰረሰር ነው። ሐብል በግእዝ ገመድ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ተስማምቶታል፤ ከአንጎል ሥር ተነሥቶ በማጅራት በኩል ወደ ጀርባ የሚወርድ፥ ውፍረቱ ትንሿን ጣት የሚያህል፥ ርዝመቱም 45 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ለስላሳ ገመድ ነውና። ከእርሱም 31 ጥንድ ነርቮች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ወጥተው በእጅ፥ በእግር፥ በሆድ ዕቃም ሁሉ ይበተናሉ። የአከርካሪ አጥንቶች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው መካከላቸው ክፍት ስለ ሆነ ገመዱ በዚያ ውስጥ እንደ ዋሻ መንገድ ያልፋል።

ባደገ ሰው የአንጎል ክብደት 1 ኪሎ ከ3 መቶ ወይም ከ4 መቶ ግራም ያህል ነው። ከመላው ሰውነት ክብደት 50ኛውን እጅ ብቻ ሲሆን፥ ሰውነት ከሚተነፍሰው አየር ወስዶ ከሚሠራበት 5ኛውን እጅ እርሱ ብቻውን ይጨርሰዋል። ልስላሴው እንደ ለጋ ቅቤ ነው። ስለዚህ ፈጣሪ በ3 ሽፋን ጠቅልሎ፥ በጠራ ውሃ ውስጥ አንሳፎ፥ በራስ ቅል ዘጋበት። የላይኛው ክፍል ሁለት እኩሌታ ሆኖ ያስባል፥ ያስታውሳል፥ ያዝዛልም፤ የሚያስገርመውም የግራው እኩሌታ የቀኙን እጅና እግር፥ የቀኙም የግራውን ማዘዙ ነው። ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል ሰው ሲራመድ ሚዛኑን ይጠብቃል። ከሥር ያለው ግንዱም ሰው ተኝቶ ሳለ እንኳ ትንፋሹን ሳያቋርጥ ያስኬዳል።

ሐብለ ሰረሰርም መልእክተኛ ብቻ አይደለም፤ በቸኮለ ነገር ራሱ ይፈርዳል። እንጀራ ስትጋግር ጣቷ የጋለውን ምጣድ የነካው ሴት እጇን የምትስበው አስባ አይደለም። ትእዛዙ ከሐብለ ሰረሰሩ ይወጣል፥ ወሬው ወደ ራስ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው፤ «ውይ!» የምትለውም እጇን ከሳበች በኋላ ነው።

የአንጎልን ሥልጣን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን አጠገብ በአንጎለላ ተወለዱ፤ በአንኮበርም ተቀምጠው ሸዋን ገዙ። (የአንጎለላ ስም ከአንጎል ጋራ መግጠሙ እንዲያው አጋጣሚ ነው።) ስልክንና የምድር ባቡርን ወደ ኢትዮጵያ ያስገቡት እኒህ ንጉሠ ነገሥት በ1902 ዓ.ም. በአንጎላቸው ላይ ብርቱ ደዌ ወደቀባቸውና ሰውነታቸው ሰለለ፥ አንደበታቸውም ተያዘ። መርዝ ነው የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለው ደዌ ደም ወደ አንጎል የሚወስደው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ ሰውን ሁሉ፥ ንጉሥንም ድኻንም፥ የሚይዝ ነው። እስከ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. በሕይወት ቆዩ፤ ልባቸው ይመታ ነበር፥ ሠራዊቱም ትእዛዛቸውን ይጠብቅ ነበር፥ ትእዛዙ ግን የሚወጣበት መንገድ አልነበረውም። ከዚያ አስቀድሞ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. ፖል ብሮካ የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም፥ ከአንዲት ድምፅ በቀር መናገር ተስኖት የኖረ ሰው በሞተ ጊዜ አንጎሉን ቢመረምር፥ በግራ በኩል ከፊት ያለው ስፍራ ጠፍቶ አግኝቶ ነበር።

አማርኛ ግን አሳብን ሁሉ ለልብ ይሰጣል። ሰው «ልብ በል» ይባላል፤ የረሳም ሰው «ከልቤ ጠፋ» ይላል። የጥንት ግብጻውያንም እንዲሁ ያምኑ ስለ ነበር ሬሳ ሲያደርቁ ልቡን በስፍራው ትተው አንጎሉን በአፍንጫ በኩል አውጥተው ይጥሉት ነበር። ንግግሩ ያማረ ስለ ሆነ ማንም ይተወው ዘንድ አያስፈልግም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰው በወደቀ ጊዜ ነው።

በጣርማ በር አፋፍ ገብሱን ከጭላዳ የሚጠብቅ ልጅ ከገደል ይወድቃል፤ እንጨት የተሸከመች ሴት አንሸራቷት ትወድቃለች፤ በጉምም መኪና ይገለበጣል። ያየ ሰው ሁሉ በርኅራኄ ይሮጣል። ደረቱን ዳስሶ «ልቡ ትመታለች፥ ተርፏል!» ካለ በኋላ አንዱ በብብቱ፥ አንዱ በእግሩ ይዞ ያነሣዋል፤ ወገቡ ይጎብጣል፥ ራሱም ወደ ኋላ ይንጠለጠላል። በዚያች ደቂቃ የሚሆነውን ግን የሚያይ የለም። አንዳንድ ጊዜ በመውደቁ የተሰበረው አጥንቱ ብቻ ነበር፥ ገመዱ ደኅና ነበር፤ የተሰበረው አጥንት እንደ ቢላዋ ሆኖ ገመዱን የሚቈርጠው ሲያነሡት ነው። ገመዱ የተቈረጠው በወገብ በኩል እንደ ሆነ እግሩ ይሰልላል፥ ሽንቱንም መግዛት አይችልም። በአንገት በኩል እንደ ሆነ እጁም ይጨመራል፤ ከአንገትም ወደ ላይኛው እንደ ሆነ ትንፋሹ ይቆማል። የተሰነጠቀ ቆዳ ይሽራል፥ የተሰበረ አጥንትም ይገጥማል፤ የተቈረጠውን ሐብለ ሰረሰር ቀጥሎ እንደ ቀድሞው ማድረግ የቻለ ሐኪም ግን እስከ ዛሬ የለም። አንጎልን ይጥሉ በነበሩት በግብጻውያን አገር እንኳ፥ ክርስቶስ ከመወለዱ 1 ሺህ 6 መቶ ዓመት ያህል በፊት በተገለበጠ የሕክምና መጽሐፍ፥ አንገቱ ወልቆ እጁንና እግሩን የማያውቅ ሰው ሊታከም ከማይቻለው ወገን ተቈጥሯል።

ወጌሻ በዚህ ነገር ሊቈጣ አይገባውም። የወለቀ ትከሻን የሚመልስ፥ የተሰበረ ክንድን በቀርከሃ የሚጠግን እጅ የተከበረ ነው። ዳሩ ግን ክንድ ሲታሽ የሚሳሳት እጅ ሕመም ይጨምራል፤ አንገትና ወገብ ሲታሽ የሚሳሳት እጅ ግን ሰውየውን ለዕድሜ ልኩ አልጋ ላይ ያስቀረዋል። ብልህ ወጌሻ አከርካሪ ላይ ሲደርስ እጁን ይሰበስባል።

አንዳንዶችም በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን ደጉን ሳምራዊ ጠቅሰው «ቁስለኛውን አንሥቶ በአህያው ላይ ጫነው እንጂ መቼ በመንገድ ተወው?» ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው። ነገር ግን ሳምራዊው አስቀድሞ ቀረበና አየው፥ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረ፥ የጫነው ከዚያ በኋላ ነው። ችኮላን ርኅራኄ ብሎ የሚጠራ ሰው ንባቡን ከመካከሉ ጀምሮታል። ደግሞ «ቦታው ብርድ ነው፥ ጉም ነው፥ መሽቷል» የሚል አለ፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እሳት የሚነድ ወይም መኪና የሚመጣበት እንደ ሆነ በልብሱ ይዘው፥ ሳያጎብጡ፥ በሰውነቱ ቁመት ልክ ይጎትቱት። ይህ ከሌለ ግን ባና ወይም ጋቢ አልብሰው በወደቀበት ቢያቆዩት ብርዱ ከአጉል ማንሣት ይሻለዋል።

የማንሣቱ ሥራ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በራስጌው ተንበርክኮ ራሱንና አንገቱን በሁለት እጁ ይያዝ፥ ሌሎቹንም እርሱ ይዘዝ። ጣቶቹን ያንቀሳቅስ እንደ ሆነ፥ እግሩ ሲነካም ያውቅ እንደ ሆነ ይጠይቁት። 3 ወይም 4 ሰዎች በአንድ ወገን ሆነው፥ አንዱ በትከሻው፥ አንዱ በወገቡ፥ አንዱ በጉልበቱ በኩል፥ በራስጌ ያለው ሲናገር ብቻ እንደ አንድ ግንድ በአንድነት ያዙሩት፤ ሳንቃ ወይም የበር መዝጊያ ከጀርባው ሥር አግብተው ይመልሱት። ቃሬዛ ብቻ የተገኘ እንደ ሆነ እንዳይጎብጥ ጠንካራ እንጨት ይደርድሩበት። ያስታወከም እንደ ሆነ እንዳይታነቅ እንዲሁ በአንድነት በጎኑ ያድርጉት። ከራሱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ጋቢ አድርገው ከሳንቃው ጋራ በመቀነት ይሰሩት፤ በአፉም ውሃ አያጠጡት። ከዚያ ወደ ደብረ ሲና ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ቀስ ብለው ይውሰዱት፤ ራሱን የያዘው ሰው ግን ሐኪሙ እስኪቀበለው ድረስ እጁን አይልቀቅ።