ከመሬት ሳይነሱ



በቅርቡ ለአንድ ዘመዳችን ኒካሕ ከቡኢ ወደ ቡታጅራ በሚኒባስ ተሳፍረን ነበር። ልንነሳ ስንል የኋላው ጎማ ተንፍሶ ስለተገኘ ሾፌሩ ቅያሪውን ገጠመ። ብሎኖቹን በማጥበቅ ላይ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ተነስቶ ጥቂት አወራ። ሲመለስ ክሪኩን አወረደ፤ መፍቻውን ወንበር ሥር ወረወረና "ቢስሚላህ" ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ብዙም ሳንርቅ ከበስተኋላ መንቀጥቀጥ መጣ። ሾፌሩ "የመንገዱ ነው" ብሎ ሊያልፈው ፈለገ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሐጂ ግን "ልጄ፣ እስቲ ቁም። ይኼ የመንገድ አይደለም" አሉት። ወርዶ ሲያይ ሦስቱ ብሎኖች በጣት የሚዞሩ ሆነው ተገኙ።

"አጥብቄያቸው ነበር እኮ ሐጂ!" አለ ደንግጦ። አልዋሸም። እጁ ሥራውን ጀምሮት ስለነበር ልቡ እንደተጨረሰ ቆጥሮታል።

አጠገቤ የነበረው የ11ኛ ክፍል ተማሪ አብራሪ የመሆን ምኞት ያለው ልጅ ነው። "በአውሮፕላንም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል?" ሲል ጠየቀኝ። በመንገድ ላይ ያልጨረስኩለትን መልስ ለእርሱም ለእናንተም እዚህ አቀርባለሁ።

ይደርሳል፤ ደርሷልም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ራይት ፊልድ በተባለው የጦር አየር ማረፊያ፣ የቦይንግ ኩባንያ የሠራው ባለ አራት ሞተር አዲስ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለሙከራ ተነሳ። ሽቅብ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ኃይል አጥቶ ተጋደመ፤ ወድቆም ነደደ። ሻለቃ ፕሎየር ሂልና የኩባንያው የሙከራ አብራሪ ሌስሊ ታወር በአደጋው ሞቱ። ሞተሮቹ ደህና ነበሩ። የተረሳው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቆለፊያ።

አውሮፕላን ቆሞ ሲያድር በክንፉና በጅራቱ ላይ ያሉትን ተንቀሳቃሽ መሪዎች ነፋስ እያንገጫገጨ እንዳይጎዳቸው ይቆለፋሉ። ቁልፉ ሳይፈታ የተነሳ አብራሪ ግን መሪው ታስሮበታል፤ አፍንጫውን ቀና ዝቅ ማድረግ አይችልም። ከዚያ አደጋ በኋላ የጦሩ አብራሪዎች አጭር ዝርዝር ጻፉ። ከመነሳት በፊት፣ በበረራ ላይ፣ ከማረፍ በፊት፣ ካረፉ በኋላ ምን ምን መታየት እንዳለበት የሚያስታውስ ነው። ልብ በሉ፤ ዝርዝሩ የተጻፈው ለጀማሪ ሳይሆን ለባለሙያ ነው። ጀማሪማ ፈርቶ ሁሉንም ያያል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2014 ማታ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ቤድፎርድ ከተማ፣ ጋልፍስትሪም የተባለ የግል ጄት ለመነሳት ተንደረደረ። መሬት ሳይለቅ ከሜዳው ጫፍ አልፎ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ነደደ። ሰባቱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ሞቱ። ምክንያቱ ያው መቆለፊያ ነው፤ ከ80 ዓመት ግድም በኋላ፣ ዝርዝሩ ተጽፎ እያለ!

መርማሪዎቹ የአውሮፕላኑን መመዝገቢያ ሲከፍቱ ያገኙት ከአደጋው ይበልጥ አስደነገጠኝ። እነዚያ አብራሪዎች ቀደም ካሉት 175 መነሻዎች በ98 በመቶው መሪዎቹ በነፃነት መንቀሳቀሳቸውን በሙሉ ሳይፈትሹ ነበር የተነሱት። ሁልጊዜም በሰላም አርፈዋል። አንዴ ሳይፈትሹ ተነስተው ምንም ሳይሆኑ ሲቀሩ ያ ሰላም አስተማሪ ሆነባቸው፤ ያስተማራቸውም የተሳሳተ ትምህርት ነው። ዝርዝሩን ሳያነቡ መነሳት ድፍረት መሆኑ ቀርቶ ልማድ ሆነ።

ሴስና 172ን በመሰለች ትንሽ አውሮፕላን ብቻውን የሚበር የግል አብራሪ ደግሞ "ይኼን ረሳህ" የሚለው ረዳት የለውም። ስለዚህ ከመሳፈሩ በፊት በእግሩ ይዞራታል። ነዳጁን በጠቋሚው ብቻ አያምንም፤ ክዳኑን ከፍቶ ያያል። ከጋኑ ሥር ጥቂት ነዳጅ በብርጭቆ መሰል ዕቃ ይቀዳል፤ ውሃ ከገባበት ውሃው ከነዳጁ ስለሚከብድ ከታች ተለይቶ ይታያል። ይህን ያልተመለከተ ሰው ሞተሩ አየር ላይ ሲጠፋበት ነው የሚያውቀው። ፍጥነት የምትለካውን ትንሽ ቱቦ መሸፈኛም ያወልቃል፤ ያለዚያ ጠቋሚው ይዋሸዋል። በእኛ አገር ደጋ ላይ ደግሞ ጭነቱን መመዘን አለበት። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ በቆላ በቀላሉ የምትነሳ አውሮፕላን እዚህ ረጅም ሜዳ ትፈልጋለች።

አየር መንገዶችም ከዚህ አላመለጡም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 1996 የፔሩ ቦይንግ 757 ሲታጠብ የከፍታ መለኪያው ቀዳዳዎች ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ሳይነሳ ቀረ። ከመነሳቱ በፊት የዞረው አብራሪም አላየውም። በሌሊት፣ ባሕር ላይ፣ መሣሪያው 9,700 ጫማ ያህል ከፍታ ሲያሳይ ክንፉ ውሃ ነካ። 70 ሰዎች አለቁ።

ለአብራሪዎች ከሚሰጡት ምክሮች መካከል እኔን የነካኝ አንዱ ነው። ፍተሻ ላይ ሳለህ ሰው ከጠራህ ወይም ስልክ ከጮኸ፣ ካቆምክበት አትቀጥል፤ ከመጀመሪያው ጀምር ይላሉ።

ወደ መንገዳችን ልመለስ። ሾፌሩ የላሉትን ሦስት ብሎኖች አጥብቆ መፍቻውን ሊያስቀምጥ ሲል ሐጂ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ።

"ከአንደኛው ጀምር" አሉት።

"ያጠበቅኩትንም ሐጂ?"

"ያጠበቅከውንም። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው፤ ስልክህንም ለዚህ ልጅ ስጠው።"

ተማሪው ስልኩን ተቀብሎ ያዘ። ሐጂ ስድስቱንም አንድ በአንድ በከዘራቸው እየነኩ ቆጠሩለት። ኒካሑ ላይ ዘግይተን ደረስን፤ ማንም ግን ለምን አላለንም።