ስለሚያገኝና ስለማያገኝ

የሳይንስ መምህር «ጨለማ ክፍል የተቀመጠ ተክል ለምን ይጠወልጋል?» ብሎ ጠየቀ እንበል። አንዷ ተማሪ «የፀሐይ ብርሃን ስለማያገኝ» ትላለች፤ አጠገቧ ያለው ልጅ ደግሞ «ስለሚያገኝ» ብሎ ይጽፋል። የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ መምህር ግን አይስተውም። የኮምፒውተር አስጠኚስ?

ጥያቄው በአዲስ አበባ ለየካ ሚካኤል አካባቢ ትምህርት ቤቶች ሩቅ አይደለም። መምህራን የሚያሠለጥነው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚያው የካ ክፍለ ከተማ ነው።

የኮምፒውተር አስጠኚ ደጋፊዎች ክርክር ጠንካራ ነው። ክፍል በተጨናነቀ ቁጥር መምህሩ የእያንዳንዱን ማብራሪያ የሚያነብበት ጊዜ ስለሌለው ፈተናው ሁሉ «ምረጥ» እና «እውነት ወይም ሐሰት» ይሆናል፤ ልጁ በራሱ አንደበት አስረዳ አይባልም። በአሜሪካው ሜምፊስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው አውቶቲዩተር የተባለ ፕሮግራም ይህን ክፍተት ለመሙላት የተነሣ ነው፤ ተማሪው የጻፈውን ከሚጠበቀው መልስ ጋር እያነጻጸረ የጎደለውን መልሶ ይጠይቃል። ተመራማሪው ከርት ቫንሌን እ.ኤ.አ. በ2011 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲመዝን ደረጃ በደረጃ የሚያግዙ ፕሮግራሞች ያመጡት ለውጥ በመደበኛ ልይይት (ስታንዳርድ ዲቪዬሽን) ሲለካ 0.76፣ የሰው አስጠኚ 0.79 ሆኖ አገኘው። ይህን ማቃለል አይቻልም።

ሆኖም የአውቶቲዩተር የመጀመሪያ ዘዴ የቃላትን ዝምድና እንጂ ቅደም ተከተላቸውንና አሉታቸውን አያይም። አማርኛ ደግሞ አሉታውን ከግሱ ጋር ያዋህዳል። ፕሮግራሙ ቃሉን ወደ ሥሩ ብቻ ካወረደው የሁለቱ ልጆች መልስ አንድ ይሆናል፤ ሳይፈታ ከወሰደው «ስለማያገኝ»፣ «ስላላገኘ» እና «ባለማግኘቱ» የማይተዋወቁ ሦስት ቃላት ይሆኑበታል። በመጀመሪያው የተሳሳተው ልጅ ሳይታረም ያልፋል፤ በሁለተኛው በትክክል ያስረዳችው ልጅ ተሳስተሻል ትባላለች።

መፍትሔ የለም ማለት ግን አይደለም። ተመራማሪው ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የተባለ ፕሮግራም የአማርኛን ግስ ሥሩን፣ ባለቤቱንና አሉታውን ለይቶ ይፈታል። ችግሩ የልጅ ደብተር እንደ ታረመ መጽሐፍ አለመሆኑ ነው፤ ፊደል ይዘለላል፣ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ይቋረጣል፣ ከቤት የመጣ ሌላ ቋንቋ ይገባበታል። ይህን የሚረዳው ልጁን የሚያውቅ መምህር ነው የሚሉት ወገኖች እውነት አላቸው።

ስለዚህ የኮምፒውተር አስጠኚው ለልምምድ ይግባ፣ ማርክ ግን አይስጥ እላለሁ። በልምምድ ላይ ያለቦታው የመጣ ጥያቄ ጥቂት ደቂቃ ያባክናል፤ በማርክ ላይ የተሠራ ስሕተት ግን ከልጁ ጋር ከክፍል ክፍል ይሄዳል። ያልገባውን መልስም ልጁ እንደጻፈው ለመምህሩ ያሳልፍ። ከኮተቤ ለማስተማር ልምምድ የሚወጡ ዕጩ መምህራን የተማሪዎችን መልስ ስም ሳይጠቅሱ ሰብስበው እያረሙ ቢያስቀምጡ፣ የትኛውም ፕሮግራም ክፍል ከመግባቱ በፊት በእኛው ልጆች አማርኛ ይፈተን ነበር።