ስለ እጅ ሥራ ካርድና ስለ ማኅተም ቀለም ምርጫ

የመልካም ምኞት ካርድ የንግድ ዕቃ ከሆነ ብዙ ዘመን ነው። ሄንሪ ኮል የተባለው እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1843 ዓ.ም. ለገና ያሳተመው ካርድ አንዱ በአንድ ሽልንግ ይሸጥ ነበር። በሀገራችንም ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ ማደላቸው፥ ተቀባዩም ሳንቲም መሸለሙ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ካርድ ወዳጅ አላጣም፤ የጎደለው የሚስማማው ወረቀትና ቀለም ነው።

በእጅ ካርድ የሚሠሩ ሰዎች ከሚወዱት ዘዴ አንዱ፥ በላስቲክ የተቀረጸን የአበባ ማኅተም በውሃ የሚሟሟ ቀለም ቀብተው፥ እንደ ጉም የደቀቀ ውሃ ረጭተውበት በወረቀት ላይ ማሳረፍ ነው። ቀለሙ ከውሃው ጋር ፈስሶ ሲደርቅ በብሩሽ የተሣለ ይመስላል። ቢጫው አስቀድሞ፥ ጠቈር ያለው አረንጓዴ ኋላ ይቀባል፤ አለዚያ የቢጫው ስፖንጅ ይበላሻል። ከአንድ ማኅተም የወጡ ሁለት ካርዶች ፈጽመው አይመሳሰሉም፤ ገዢውም ዋጋ የሚከፍለው ለዚሁ ልዩነት ነው።

ታዲያ ችግሩ የሚጀምረው ከትእዛዝ ደብዳቤ ነው። ሥራዬ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ስለ ሆነ ነገሩን ቸል ልለው አልችልም። «የማኅተም ቀለም» ተብሎ ብቻ ከታዘዘ ዘይት ያለበትም፥ ከደረቀ በኋላ ውሃ የማይበግረውም ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ለሰነድ መልካም ናቸው፤ ለአበባ ግን አይረቡም፤ ከውሃ ጋር አይዋሐዱምና። ባለሱቁ «ቀለም ሁሉ ያው ነው» ብሎ ሲሸጥ፥ ወቀሳው የሚደርሰው ካርዱን በሠራችው ሴት ላይ ነው። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህ «በውሃ የሚሟሟ» የሚለው ቃል በትእዛዙም በደረሰኙም ላይ ይጻፍ።

ወረቀቱም እንዲሁ ነው። ለጽሕፈት የምንጠቀምበት የ80 ግራም ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጨማደዳል፤ ለውሃ ቀለም የተሠራው፥ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ግን ይችለዋል። ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ገንዘብ መቈጠብ ካስፈለገ በማኅተሙ ብዛት ይቈጠብ እንጂ በወረቀቱ አይሁን። የተሠራውንም ካርድ ፀሐይ በሚመታው መስኮት መደርደር አይገባም፤ እንዲህ ያለው ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል።

ልጆቹም ሆኑ ካርድ ሠሪዎቹ ለእንቁጣጣሽ የሚዘጋጁት በክረምቱ ስለ ሆነ፥ ዕቃው በሐምሌ በመደርደሪያ ላይ ይገኝ፤ ወረቀቱም በእሽግ ብቻ ሳይሆን በነጠላ ይሸጥ።