ሽፋኑን የፈታው ማነው?

የግራይንደር አደጋ በተወራ ቁጥር ፍርዱ ያው ነው፤ «አልተጠነቀቀም»። ጣቱን ያጣው ስለቸኮለ፣ ዓይኑ ውስጥ የብረት ፍንጣሪ የገባበት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለነበረ ይባላል። ሲከፋም «ቀን ጣለው» እንላለን። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ዞር ብሎ የሚያይ የለም፣ ማሽኑ በማግስቱ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ይህ ፍርድ ስህተት ነው። ለማን እንደሚመች ደግሞ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑን እንይ። የቤት በርና አጥር የሚሠራባት ትንሿ ግራይንደር 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ትይዛለች፣ በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ትዞራለች። የዲስኩ ጠርዝ በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር ይከንፋል ማለት ነው። ቱቦላሬ ሲቆረጥ ብረቱ ጎብጦ ዲስኩን ቢነክሰው ማሽኑ ተወርውሮ ወደያዘው ሰው ይመለሳል፤ እጅ ለመሰብሰብ እንኳ ፋታ አይሰጥም። በዚያች ቅጽበት ጥንቃቄ ምን ይሠራል? የሚሠራው በዲስኩና በሰውየው መካከል ያለው ሽፋን ነው።

ሽፋኑ ግን ብዙ ጊዜ ተፈትቶ የመሣሪያ ሣጥን ሥር ይገኛል፣ ወይም ጭራሽ የለም። «ጥግ አያስገባም» ይላሉ፤ አንዳንዴ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን የትልቁን ማሽን 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ በተለይ በልቶ ያነሰውን፣ በትንሿ ላይ ለማሰር ነው። የሁለቱም ዲስኮች የመሐል ቀዳዳ እኩል ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል። እምቢ የሚለው ሽፋኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይፈታል። ትልቁ ዲስክ ላይ ግን ከ6,600 ዙር ገደማ በላይ እንዳይሄድ ተጽፎበታል። ትንሿ ደግሞ 11,000 ታዞረዋለች። የእንጨት መጋዝ ጥርስ አስረው ጣውላ የሚቆርጡባትም አሉ፤ እሱን ባናነሳው ይሻላል።

የኤሌክትሪኩም ነገር ከዚህ አይሻልም። ስፒናው ተሰብሮ ከወደቀ ሁለቱን ሽቦ ልጦ ሶኬት ውስጥ መክተት፣ እንዳይወጣም በክብሪት እንጨት ማጥበቅ ብልሃት ተብሎ ይደነቃል። የኧርዝ ሽቦው እንደ ትርፍ ነገር ይቆረጣል። ስጋትዎን ቢናገሩ «ብሬከር አለ፣ ይወርዳል» ይሉዎታል። አይወርድም። የቤት ሶኬት ብሬከር ብዙውን ጊዜ 16 አምፔር ነው፤ ሥራውም ሽቦው እንዳይቃጠል መጠበቅ ነው። የሰውን ልብ ለማቆም ግን የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ ከበቂ በላይ ነው። ለሰው የተሠራው ሌላ ዓይነት ነው፤ ባለሙያዎች አርሲዲ የሚሉት፣ ወደ መሬት የሚያመልጠው ኃይል 30 ሚሊ አምፔር ሳይሞላ የሚቆርጠው። በክረምት፣ ጭቃ ላይ ቆሞ፣ ከሳሎን በተሳበ ኤክስቴንሽን ደጅ የሚሠራ ሰው ሊያድነው የሚችለው እሱ ነው።

«ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ምን ሆንኩ?» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ይህን የሚሉን ግን በሥራው ላይ የቀሩት ናቸው። ዓይኑ የጠፋው ሙያውን ትቶ ሄዷል፤ ምስክር ሆኖ አይቀርብም።

አሁን ወደ ጀመርኩት ልመለስ። «አልተጠነቀቀም» የሚለው ፍርድ የሚመቸው ለአሠሪው ነው፤ አሠሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ እኔና እርስዎ ነን። በሩን በቁርጥ ዋጋ እንሰጣለን፣ የላሜራውን ውፍረት እየለካን እንከራከራለን፣ «ለበዓል ይድረስልኝ» ብለን እናጣድፋለን። ልጁ በፀሐይ መነጽር ሲበይድ ግን ቡና ይዘን ቆመን እናያለን፤ ሲበዛ «አደራ ተጠንቀቅ» እንላለን፣ ወጪ የለበትማ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። ሆኖም በየግቢው ለአንድ ሳምንት የሚሠራን በያጅ የሚያይ ተቆጣጣሪ የለም። ግቢው ውስጥ ያለው ባለቤቱ ብቻ ነው።

መከላከያ ስል ያገኙትን ሁሉ ማልበስ ማለቴ አይደለም። ትራፓኖ ለሚይዝ ሰው ሰፊ ጓንት ማቅረብ ጣቱን ለማሽኑ መስጠት ነው፤ የሚሽከረከረው ጫፍ ጓንቱን ይዞ ይጠቀልለዋል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ሠራተኛ ሲጠሩ ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት ማሽኑን ያስወጡትና ይዩት። ሽፋን ከሌለው ሥራው አይጀመር። ስፒና ከሌለው ገዝተው ያስገጥሙ። የዓይንና የፊት መከላከያውን ዋጋ ከብረቱና ከቀለሙ ጋር አብረው ይደምሩት፤ ከልጁ ሒሳብ ላይ ግን እንዳይቀንሱት።