እርድ በቢጫነቱ ሳይሆን በንጽሕናው ይሸጥ



በንግድ ጋዜጦች ዘወትር የሚወሳው የቡና፥ የሰሊጥና የቆዳ ነገር ነው። እኔ ግን ዛሬ በዋጋው አነስተኛ መስሎ ስለሚታይ፥ ሆኖም ከየቤቱ የአልጫ ወጥ ስለማይጠፋ አንድ ሸቀጥ፥ ይኸውም ስለ እርድ ሐሳቤን ለማቅረብ እወዳለሁ። እርድ በቅርብ ዓመታት ከቅመምነት አልፎ የመድኃኒትነት ስም አግኝቷል። ይህም ስም ለነጋዴው ወገን ጥቅምን ብቻ ሳይሆን ከባድ ኀላፊነትንም ይዞ መጥቷል።

እኔ በሲኒማ ራስ አካባቢ በሚገኝ የቅመማ ቅመም ጅምላ መደብር በጸሐፊነት የምሠራ ሰው ነኝ። ደብዳቤውም ደረሰኙም በእጄ ስለሚያልፍ የገበያውን ጠባይ ከቀን ወደ ቀን እመለከታለሁ። ቀድሞ ቸርቻሪው «ኪሎው ስንት ነው?» ብሎ ብቻ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ግን «ለስኳር በሽታ ይሆናል ወይ? ለጉልበት ሕመምስ? ለካንሰርስ?» እያለ ይጠይቃል። በአንዳንድ እሽጎችም ላይ እርድ የማይፈውሰው በሽታ የሌለ እስኪመስል ድረስ ረዥም የበሽታ ዝርዝር ታትሞ አይቻለሁ።

በመጀመሪያ እውነተኛውን ከተጋነነው መለየት ይገባል። ለእርድ ቢጫ መልኩን የሚሰጠው ኩርኩሚን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህም ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1815 ከሥሩ ተለይቶ የወጣ ሲሆን፥ ከደረቁ እርድ ውስጥ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው። በታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ ጥናት፥ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው 367 ሰዎች ለአራት ሳምንታት ከፊሎቹ የእርድ ጭማቂ የያዘ መድኃኒት፥ ከፊሎቹ ደግሞ አይቡፕሮፌን ሲወስዱ ቆይተው፥ የሁለቱ የማስታገስ ኀይል ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣ ሌላ ጥናትም ኩርኩሚን ለጨጓራ ምቾት ማጣት ከኦሜፕራዞል ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። ስለዚህ አባቶቻችንና እናቶቻችን እርድን ለሆድ ይበጃል ማለታቸው ከንቱ ወሬ አልነበረም።

የእናቶቻችንን የአሠራር ብልሃትም ማድነቅ ይገባል። ኩርኩሚን በውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ በቅባት ውስጥ ግን ይሟሟል። ለብቻው ሲወሰድም ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በሕንድ አገር የተደረገ ምርመራ በቁንዶ በርበሬ ውስጥ ያለው ፓይፐሪን አብሮ ሲሰጥ ወደ ደም የሚገባው ኩርኩሚን 20 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አመልክቷል። እንግዲህ ቅቤው ሲነጠር እርድ የምትጨምረው፥ አልጫውንም በቁንዶ በርበሬ የምታጣፍጠው ባለሞያ፥ ኬሚስትሪ ሳትማር ከኬሚስትሪ ጋር የተስማማ ሥራ ትሠራለች።

ይሁን እንጂ ከዚህ አልፎ «ስኳርን ያጠፋል፥ ካንሰርን ይፈውሳል» ማለት በማስረጃ ያልተደገፈ ነገር ነው። ጥናቶቹ የተደረጉት በተመጠነ መድኃኒት እንጂ በወጥ ማንኪያ አይደለም። ከዚህም በላይ መጠኑ የበዛ እንክብል ሁሉን ሰው አይስማማም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ሊወስደው አይገባም። በጣሊያን አገርም እ.ኤ.አ. በ2019 የኩርኩሚን እንክብል በወሰዱ ሰዎች ላይ የጉበት ሕመም ስለ ታየ መንግሥቱ ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። በወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ ግን ምግብ ነው፤ በምግብነቱም ቢመሰገን ይበቃዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ገዢው ሕዝብ እርድ መድኃኒት ነው ብሎ ባመነ መጠን ይበልጥ ቢጫ የሆነውን ይመርጣል፤ ቢጫነት የኀይል ምልክት ይመስለዋልና። ከዚህ የተነሣ ብርቱ ፈተና ይመጣል። በዓለም ላይ ሌድ ክሮሜት የሚባል ደማቅ ቢጫ ቀለም አለ፤ ከእርሳስ የተሠራ ሲሆን አገልግሎቱ ለቅብ ነው። ይህን ቀለም ከእርድ ጋር መቀላቀል በባንግላዴሽ አገር ለብዙ ዓመታት የተለመደ ሥራ ሆኖ ነበር። የነገሩም መነሻ የሚያስደንቅ ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ታላቅ ጎርፍ ደርሶ እርዱ ሳይደርቅ ስለ ቀረ መልኩ ደበዘዘ፤ ገዢውም እንዳይሸሽ ቀለም ተጨመረበት። ጎርፉ አለፈ፤ ልማዱ ግን ቀረ።

እርሳስ በሰውነት ውስጥ አንዳች ጥቅም የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ ይልቁንም የሕፃናትን አንጎል ይጎዳል፥ የመማር ችሎታቸውንም ይቀንሳል። አገራችን በግድግዳ ቅብ ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ በደንብ ወስናለች። ለግድግዳ ያልፈቀድነውን ለሕፃን ጉርሻ ልንፈቅድ አይገባም።

እዚህ ላይ የመርካቶን ነጋዴ መወንጀሌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የምለው፥ በባንግላዴሽ ለጥፋቱ መነሻ የሆኑት ምክንያቶች በእኛም ዘንድ አሉ ነው። የእኛ እርድ በብዛት የሚመጣው ከቴፒና ከአካባቢው፥ ዝናብ ከሚበዛበት ከደቡብ ምዕራብ አገራችን ነው። እርድ ከተቆፈረ በኋላ ይታጠባል፥ ይቀቀላል፥ ከዚያም እርጥበቱ ከመቶ ወደ አሥር እጅ ገደማ እስኪወርድ ድረስ በፀሐይ ይሰጣል። አምስት ኩንታል ያህል እርጥብ እርድ በግምት አንድ ኩንታል ደረቅ ይሆናል። ደመና ሲበዛ ገበሬው በመሬት ላይ ያሰጣው እርድ ይሻግታል፥ ይደበዝዛልም። በዚህ ጊዜ ነጋዴው «መልኩ አልጣመኝም» ብሎ ዋጋ ሲቀንስበት፥ ለማጭበርበር በሩን የሚከፍተው ራሱ ነጋዴው ነው።

የባንግላዴሽ ታሪክ ግን መጨረሻው ተስፋ የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ውጤታቸውን ከገለጡ በኋላ የአገሩ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ለነጋዴዎች ማስጠንቀቂያ አሰራጨ፤ በዳካ ከተማ በሚገኘው ሺያምባዛር በተባለው ታላቅ የጅምላ ገበያም ኤክስሬይ በሚጠቀም የእጅ መሣሪያ ፍተሻ ተደርጎ ጥፋተኞች ተቀጡ። በ2019 ከተመረመረው እርድ ከመቶ 47 እጁ እርሳስ ተገኝቶበት ሳለ፥ በ2021 ምንም የተገኘበት አልነበረም። መርካቶን የሚመስል ገበያ በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱን ማጥራት ከቻለ፥ እኛ ገና ሳይደርስብን መጠንቀቅ እንደምን ያቅተናል? ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ጊዜ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ነጋዴ ዱቄት ከመግዛት ይልቅ ያልተፈጨውን ደረቅ እርድ ገዝቶ፥ ሰብሮ ውስጡን አይቶ፥ በሚያምነው ወፍጮ ያስፈጭ። የዱቄትን ንጽሕና በዐይን መለየት አይቻልም።

ሁለተኛ፤ የዋጋ መለኪያ ድርቀቱና ንጽሕናው እንጂ ድምቀቱ አይሁን። ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ላሰጣ ገበሬ ጥቂት ሳንቲም መጨመር፥ ከሻገተ ዕቃ ኪሳራ ይሻላል። በቴፒ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በቅመማ ቅመም ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ ምክሩን መጠየቅ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ ንግድ ምክር ቤታችን አባል ነጋዴዎችን አስተባብሮ የእርድ ናሙና በየጊዜው በኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅት ላቦራቶሪ የሚመረመርበትን መንገድ ያዘጋጅ። ለአንድ ቸርቻሪ የሚከብደው ወጪ ለሃያ ጅምላ ነጋዴዎች ሲከፋፈል ቀላል ነው።

አራተኛ፤ የበሽታ ስም ከእሽጉ ላይ ይነሣ፤ በምትኩ የተመረተበት ቦታ፥ የተፈጨበት ቀንና የምርመራው ውጤት ይጻፍበት።

«ገዢው ደማቁን ይፈልጋል፤ እኔ የደበዘዘ ይዤ ብቀርብ ጎረቤቴ ይሸጣል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተቃውሞው ባዶ አይደለም፤ የመደብር ኪራይና ግብር በመልካም ሐሳብ ብቻ አይከፈልም። ስለዚህም ነው ነገሩን ለእያንዳንዱ ነጋዴ ኅሊና ብቻ ሳንተው በማኅበር እንድንይዘው የምጠይቀው። አንዱ ብቻውን ሲጠነቀቅ ይከስራል፤ ሁሉም ሲጠነቀቁ ግን ዋጋው ለሁሉም እኩል ይሆናል። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ምግብ መሸጥ እንደ ሆነ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ ስለ ሆነ፥ በመዘግየት የሚገኝ ትርፍ የለም።

በርበሬ ከሸክላ ዱቄት ጋር ተቀላቀለ የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ የንጹሑም ነጋዴ በርበሬ በጥርጣሬ ዐይን መታየቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። እርድም እንዲሁ ስሙ አንድ ጊዜ ከጠፋ የሚመልሰው ማስታወቂያ አይገኝም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፥ ለጤና ብሎ የሚገዛን ደንበኛ በጤናው እንዳንጎዳው ከወዲሁ እንምከር።

ከአንድ የነጋዴ ጸሐፊ
ሲኒማ ራስ፥ አዲስ ከተማ