«አዎ፣ አልሠራሁም»

ከውጭ የመጣ መምህር ዘጠነኛ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ከኋላ ተቀምጬ እከታተል ነበር። ደብተሩን ያልገለጠ ልጅ አየና በእንግሊዝኛ «የቤት ሥራህን አልሠራህም?» አለው። ልጁ «የስ» አለ። «እስቲ አሳየኝ» ሲለው ግራ ገባው። ደግሞ ጠየቀው፤ ደግሞም «የስ»። መምህሩ የዋሸው መስሎት ተቆጣ። ልጁ ግን አልዋሸም። አማርኛ ተናጋሪ «አልሠራህም?» ሲባል «አዎ፣ አልሠራሁም» ብሎ ነው የሚመልሰው፤ እንግሊዝኛው እዚህ ቦታ ላይ «ኖ» ይፈልጋል። ይህን የእኛ አገር መምህር ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ራሱ ተሳስቶበት ነው ያለፈው።

የእንግሊዝኛ ማስተማር ዓለም አቀፍ ገበያ ግን ይህን ዕውቀት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ቋንቋውን ከእናቱ ጋር የተማረ ሰው ከሁሉ የተሻለ መምህር ነው ብሎ ያምናል። የቋንቋ ምሁሩ ሮበርት ፊሊፕሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እምነት በ1961 ካምፓላ፣ ማኬሬሬ ላይ ከተደረገው የኮመንዌልዝ ጉባኤ ጋር አያይዞ ስህተት ነው ብሎታል። ሀንጋሪያዊው ፔተር መድየሽም በ1994 በመጽሐፉ ቋንቋውን በትምህርት ያገኘ መምህር የራሱ ብርታት እንዳለው ተከራከረ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አለፈ። ደቡብ ኮሪያ ዛሬም የእንግሊዝኛ መምህርነት ቪዛ በመደበኛው የምትሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ ዲግሪው በየትኛውም ሙያ ቢሆን ግድ የለም። በአካውንቲንግ የተመረቀ የካናዳ ወጣት ይገባል። በእንግሊዝኛ ማስተማር ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ሃያ ዓመት ጠመኔ የጨበጠ ኢትዮጵያዊ በር ላይ ይቀራል።

የድምፅ አወጣጥንና ፈሊጥን ከባለቤቶቹ መስማት እንደሚጠቅም አልክድም። ግን ሰምተን አይተነዋል። በ1990ዎቹ መገባደጃ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ሲገባ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በጥሩ እንግሊዝኛ ይንቆረቆር ነበር። ተማሪው ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መምህሩ ዳር ቆሞ ይጠብቃል፤ ሥራው ማብራትና ማጥፋት ሆኖ ነበር። ልጁ የት ላይ እንደጠፋ የሚያውቀው ሰው አፉን ተዘጋ።

የመምህራን አሠልጣኞችን የምንመርጥበትም መንገድ ከዚህ አይለይም። ሴልታ የሚባለው የታወቀ የእንግሊዝኛ መምህርነት ኮርስ በሙሉ ጊዜ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ ተማሪ ፊት ቆሞ ማስተማሪያው ስድስት ሰዓት ነው። ለጀማሪ ጥሩ መግቢያ ነው፤ ኮርሱም ከዚያ በላይ ነኝ አይልም። ጥፋተኛው ያንን ብቻ የያዘን ሰው በአንጋፋ መምህራን ላይ አሠልጣኝ አድርጎ የሚሾመው ነው።

እንዲህ ባለ አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ተማሪዎችን በአራት በአራት አድርጎ ወንበሮቹን ማዞር እንደሚገባ በስላይድ ያሳያል። አጠገቤ የተቀመጡት መምህርት 72 ተማሪ አላቸው፤ ዴስኩ መቀመጫና ጠረጴዛው አንድ ላይ የተበየደ፣ ሦስት ሦስት ልጅ የሚቀመጥበት ነው። እሳቸው የፊተኛው ዴስክ ልጆች መቀመጫቸው ላይ እንዳሉ ፊታቸውን ወደ ኋላ እንዲያዞሩ ያደርጋሉ፤ ስድስት ልጅ አንድ ቡድን ይሆናል። ዓመታት የፈጀ ብልሃት ነው፤ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሥልጠናው ሦስት ቀን ቆየ። «እርስዎስ እንዴት ነው የሚያደርጉት?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።