ጣሪያው የተሠራው ለማን ነው?



ስለዚህ ጉዳይ ብዕሬን እንዳነሳ ያደረገኝ በመኝታ ክፍላችን የተነሳ ክርክር ነው። አንዱ ወንድማችን «ሳይንስ ለእያንዳንዱ ኬሚካል የማይጎዳውን መጠን ለክቶ አስቀምጧል፤ ታዲያ ምን ያሳስባል?» አለ። እኔ ግን የሚያሳስብ ብዙ ነገር አለ ባይ ነኝ።

ይህ መጠን የተጋላጭነት ጣሪያ ይባላል። ይኸውም በሥራ ቦታ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ሊኖር የሚፈቀደው የኬሚካል ወይም የብናኝ ልክ ሲሆን፣ የሚሰላው አብዛኛውን ጊዜ በቀን 8 ሰዓት በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ አዋቂ ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ስሌቱ ውስጥ የለም። በቆዳ የሚገባውም በአየር መለኪያ አይታይም።

ቁጥሩ ራሱስ ቢሆን? ተባይ ለማጥፋት የምንጠቀምበትን ማላታዮን እንውሰድ። የአሜሪካ መንግሥት ደንብ 15 ሚሊ ግራም ሲፈቅድ፣ የዚያው አገር የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ማኅበር ከ1 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል። መርዙ አንድ፣ ሳንባውም አንድ! ስለዚህ ቁጥሩ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የሰዎች ውሳኔም ነው ማለት ነው።

ለአርባ ምንጭ ደግሞ ጥጥ እንግዳ አይደለም፤ እርሻውንም ፋብሪካውንም እናውቃለን። አሜሪካኖች በ1978 እ.ኤ.አ. ለፈትል ሥራ የጥጥ ብናኝ ጣሪያ 0.2 ሚሊ ግራም እንዲሆን ደነገጉ። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአገራችን የጨርቃ ጨርቅ ሥራ 595 ሠራተኞች ሲመረመሩ አየሩ ውስጥ የተገኘው ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊ ግራም ነበር። ጥጥ ከሚያፍታቱት ከመቶ 43ቱ፣ ከሚያባዝቱት ከመቶ 37ቱ ቢሲኖሲስ የሚባለው የሳንባ በሽታ ተገኘባቸው። ይህ በሽታ ሲጀምር ከዕረፍት ቀን በኋላ ሥራ በተገባ በመጀመሪያው ቀን ደረትን ጭብጥ ያደርጋል። ጣሪያው ከታወቀ 13 ዓመት አልፎ ነበር እንግዲህ። መለኪያ በሌለበት የሠራተኛው ደረት መለኪያ ሆነ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አደጋው እንዲያስተምር ያስገድዳል። ጥሩ ነው። ነገር ግን ከላንቴ እስከ ሸሌ ባለው የቤተሰብ ማሳ ላይ አሠሪው ማነው? አባት ይረጫል፣ ልጅ ውኃ ይቀዳል፣ ባዶውን ዕቃ እናት አጥባ ዘይት ትጨምርበት ይሆናል። ለዚያ ቤት አዋጁም ጣሪያውም አይደርሱም።

«ይህማ የግብርና ባለሙያው ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። የግብርና ባለሙያው የሚያነጋግረው አባትየውን ነው፤ ውኃ የሚቀዳው ግን ነገ እኛ ፊት የሚቀመጠው ተማሪ ነው። የተባይ መድኃኒት መያዣ ላይ ያለው ቀለም፣ ማለትም ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ከከፋው ወደ ቀለለው መሆኑን ማስተማር ላቦራቶሪ አይጠይቅም፤ አንድ ጠመኔ ይበቃል። ማንበብ ያልቻለ ልጅ እንኳ ቀይን ያውቃል።

የሳይንስ ክፍል መምህራኖቻችን ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ከመውጣታችን በፊት ስለዚሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ቢመድቡልን ምን ይመስላቸዋል? ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ዕጩ መምህርም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና እንከራከር።